በተዘጋው ትምህርት ቤት የተገኙ ዘጠኝ ልጆች

እንደምን ዋላችሁ! ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? ዙሌካ እጇን አወጣች፤ ይሰማል ማለት ነው። ዙሌካ ካልሰማች ዝም አትልም።

የተከበራችሁ መምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞች፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ከሀና ማርያም የመጣችሁ የእትዬ ሶሬቲ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለማታውቁኝ፣ ዳኜ ላምቤቦ እባላለሁ፤ የዚህ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። የእትዬ ሶሬቲ የጡረታ ሽኝት ኮሚቴ “አንተ ቀልድ ታውቃለህ፣ አንተ ተናገር” ብሎ መረጠኝ። እውነትም ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ከዚያ ማክሰኞ ዕለት አንድ ነገር አየሁና ደነገጥኩ፤ ይኸው እስካሁን እንደደነገጥኩ ነኝ። ባለቤቴ አስቴር ነርስ ናት፤ ፊቴን አይታ “ስኳርህን ተለካ” አለችኝ። ስኳር አይደለም። ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቀልዱ ላይ ግን ብዙ ስለደከምኩ መጀመሪያ እሱን ልጨርስ።

እትዬ ሶሬቲ እዚህ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በ1984 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ ሆሳዕና ላይ የጨርቅ ኳስ የማባርር ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ የማወራው ጋሽ በንቲ የነገሩኝን ነው። ጋሽ በንቲ፣ እስቲ ብድግ ይበሉ! በጡረታ የቀደሙን ዘበኛችን ናቸው። ውሸት ከጨመርኩበት ያስቁሙኝ።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ከሀና ማርያም እስከዚህ ድረስ ያኔ አስፋልት የለም፣ ታክሲ የለም፤ ማሳና ጭቃ ነው። እትዬ ሶሬቲ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በሩ ላይ ደረሱ። ጋሽ በንቲ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና፣ “እህቴ፣ ወተት የሚገባው በጓሮ በር ነው” አሏቸው።

“ወተት አልያዝኩም” አሉ እትዬ ሶሬቲ። “የአንደኛ ሐ ስም መጥሪያ የት ነው ያለው?”

“መምህር ነዎት እንዴ? ታዲያ መጀመሪያ እግርዎን ይታጠቡ እንጂ!”

“ጭቃው የትም አይሄድም። ልጆቹ ግን ይሄዳሉ።”

ይህን ብለው ቀጥ ብለው ክፍል ገቡ። ዱካቸው ከበሩ እስከ ሰሌዳው ድረስ ለሁለት ቀን አልለቀቀም ይላሉ ጋሽ በንቲ። “ከዚያ ወዲህ ሰውን በጫማው ገምቼ አላውቅም” ይላሉ ደግሞ። እዚህ ላይ ይዋሻሉ። እኔ ስቀጠር ጫማዬን አይተው ነው “ወላጅ ከሆንክ ከዚያ ተሰለፍ” ያሉኝ።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ልምጣ፤ ወደ ስም መጥራት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስሙ በእትዬ ሶሬቲ ያልተጠራ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም። እኚህ ሴትዮ ሲጠሩ ደግሞ እስከ አያት ነው። የተማሪ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስብሰባ ላይ ይጠሩናል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንገታቸውን ዘርጋ አድርገው ይቆጥሩናል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ሳትገባ ከእኛ መሥሪያ ቤት ማን እንደቀረ ያውቃሉ።

የማርፈዱን ነገር ተዉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ስልኬ ይጮሃል።

“ዳኜ፣ የት ደረስክ?”

“መካኒሳ አቦ ደርሻለሁ እትዬ፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው።”

“ቴሌቪዥን ያለው ታክሲ ነው እንዴ የተሳፈርከው? የቤትህ ዜና እየተሰማኝ ነው።”

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ መዋሸት አይፈቀድልኝም። በእትዬ ሶሬቲ ስልክ ምክንያት ስንት ጊዜ ንስሐ እንደገባሁ ጌታ ነው የሚያውቀው።

የቢሾፍቱውን ሽርሽር የምታስታውሱ አላችሁ? አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፣ ሾፌሩ ይነጫነጫል፣ እትዬ ሶሬቲ በሩ ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። ሁሉም “አለሁ፣ አለሁ” አለ። አንድ ሰው ጎደለ። ዙሌካ! እትዬ ሶሬቲ “ዙሌካ ሳትመጣ አንሄድም” አሉ። አርባ ደቂቃ ቆምን። በኋላ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ “እትዬ፣ ዙሌካ እኮ ከወለደች አራት ቀኗ ነው” ይላቸዋል።

“ታዲያ ለምን ዝርዝሩ ውስጥ ገባች?”

“ዝርዝሩን የሠሩት እርስዎ ነዎት!”

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያፍር ነበር። እሳቸው ግን አላፈሩም። “እንግዲያው መኖሯን በዓይናችን አይተን እንሄዳለን” አሉና አውቶቡሱን አዞሩት። ሠላሳ አንድ ሰው አራስ ጥየቃ! የዙሌካ ባል በሩን ሲከፍት አውቶቡስ ሙሉ አስተማሪ አየና መልሶ ዘጋው። ቢሾፍቱ የደረስነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ሐይቁን በመስኮት አይተን ተመለስን።

አንድ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። “እትዬ፣ የመጣውን መዝግበው፣ ያልመጣውን ‘ቀሪ’ ብለው ለምን አያልፉም?” ያሉኝን ልንገራችሁ። “ቀሪ የሚባለው ለምን እንደቀረ የታወቀ ልጅ ነው። ካልታወቀ ቀሪ አይባልም፤ ጠፍቷል ነው የሚባለው። የጠፋ ደግሞ ይፈለጋል።” እውነታቸውን ነው፤ ፈልገው ያመጧቸው ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን እዚሁ ያስተምራሉ።

እሺ። ሳቅን። የጻፍኩት ቀልድ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን አልጻፍኩትም።

2012ን ታስታውሳላችሁ፤ የኮሮናውን ዓመት። መጋቢት ላይ በአንድ ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ ተባለ። ሁለት ሳምንት ነው ብለን ጠመኔአችንን እንኳ አላነሳንም። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት ሆነ። በየበሩ ጀሪካንና ሳሙና ተሰቀለ፤ ታክሲው በግማሽ ይጭናል፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ መስኮት እንዘጋለን። እኔን ወረዳው በግብረ ኃይል መደበኝና በየቤቱ እየዞርኩ ሙቀት መለካት ጀመርኩ። አስቴር ጤና ጣቢያ ናት። ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን ቤቴል፣ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ከጎረቤታችን ጋር ትውላለች። እኔ የማውቀው ይህን ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ረፋድ ዙረቴን እየሠራሁ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሳልፍ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። ትልቁ በር በሰንሰለት እንደተቆለፈ ነው፤ ሰንሰለቱን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ። ከውስጥ ግን ልጆች አሉ! ከግንቡ ጀርባ የሚያወራ፣ የሚስቅ፣ “ውሃ አምጣ” የሚል ልጅ አለ። በዚያው ሳምንት በሰፈሩ አንድ ሰው ታሟል ተብሎ ሁላችንም ልባችን ወድቋል። የግቢው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ አንድ ልጅ ቢታመም የሚጠየቀው ማን ነው አልኩ።

በጓሮ በኩል ዞሬ ማንኳኳት ነበረብኝ። አሥር እርምጃ ነው። አላንኳኳሁም። ስልኬን አወጣሁና ወረዳ ደወልኩ።

አዎ። እኔ ነኝ የደወልኩት።

ቆዩ፣ አታጉረምርሙ፤ ልጨርስ። ሁላችሁም “ጎረቤት ጠቁሞ ነው” ስትሉ እንደኖራችሁ አውቃለሁ። “ጎረቤት ነው” ብዬ ወሬውን ያሰራጨሁትም እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ለቁልፍ ተጠርቼ የመጣሁ መስዬ ነው ከሰዎቹ ጋር የገባሁት።

ገባን። እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የሰልፍ ሜዳው ላይ ዴስኮች ወጥተዋል፣ አንዱ ከሌላው አራት አራት እርምጃ ተራርቋል፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ልጅ። ጥግ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አለ፤ ሳሙናው በገመድ ተንጠልጥሏል። እትዬ ሶሬቲ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው ደብተር ይዘው ቆመዋል። ስም እየጠሩ ነበር። እኛን አይተው እንኳ አላቆሙም፤ አንድ ስም ቀርቷቸው ነበርና ጠሩት።

“ቤቴል ዳኜ ላምቤቦ!”

“አለሁ!”

ልጄ! የገዛ ልጄ! ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልነግራችሁም። ቤቴል አየችኝና “አባዬ!” ብላ እየሮጠች መጣች። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? ሰዎቹ እያዩኝ፣ እጄን እንዲህ ዘርግቼ፣ “ርቀትሽን ጠብቂ!” አልኳት። ቆመች። መሬት መሬት አየች።

ከወረዳ የመጣው ወጣት “ፈቃድ አለዎት?” ሲላቸው እትዬ ሶሬቲ፣ “የለኝም። የሚውሉበት ቤት ካላችሁ ግን አሁኑኑ አስረክባችኋለሁ” አሉት። ወጣቱ ደብተሩን ተቀበላቸው። ከደብተሩ የስም ዝርዝሩን ገጽ ቀደደና “ማስረጃ ነው” ብሎ ይዞት ሄደ። ልጆቹን በተንን።

ቤት ገብቼ አስቴርን ጠየቅኳት፤ ጮህኩባት ብል ይሻላል። እሷም ነገረችኝ። ጎረቤታችን “ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የነርስ ልጅ ከልጆቼ ጋር ላውል አልችልም፣ በሽታውን ይዛብኝ ትመጣለች” ብላ ከመለሰቻት ሦስት ሳምንት አልፏል። ለእኔ ያልነገረችኝ “ሥራሽን ተዪ ትለኛለህ ብዬ ነው” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እል ነበር። ስለዚህ ቤቴልን ይዛት ጤና ጣቢያ ሄደች። ልጄ ከሚያስላቸው ሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ ስትሠራ ውላለች። እኔ በየሰው ቤት ሙቀት ስለካ!

እትዬ ሶሬቲ ለደም ግፊታቸው መድኃኒት ሊወስዱ ሄደው እዚያ አገኟት። የክፍላቸው ተማሪ ናት። አስቴርን፣ “ይህች ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?” አሏት።

“የት ላድርጋት እትዬ?”

“ነገ ትምህርት ቤት ትምጣ።”

“ትምህርት ቤት ተዘግቷል እኮ!”

“ሌላው ልጅ ቤቱ እንዲውል ነው የተዘጋው። ይህቺ የምትውልበት የላትም። ጋሽ በንቲን የጓሮውን በር አስከፍታለሁ።”

የተጀመረው እንዲህ ነው። በእኔ ልጅ። በሳምንቱ ዘጠኝ ሆኑ፤ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ የአምቡላንስ ሾፌር ልጅ፣ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ መንታዎች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ሁሉም “ወደነሱ አትጠጉ” የተባለባቸው ናቸው። ሁሉም ቤተሰቦቻቸው ለእኛ ሲሉ ከቤት የወጡ ናቸው።

በበነጋው ወረዳው “የደወልከውን በጽሑፍ አረጋግጥ” አለኝ። ጻፍኩ። “በግቢው ውስጥ ያለ ፈቃድ ስምንት ልጆች ተሰብስበው አግኝቻለሁ” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ስምንት አልኩ። የራሴን ልጅ ከቁጥሩ አወጣኋት። እጄ እንዴት እንደታዘዘልኝ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያስ? ልጆቹ በተበተኑ በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ ወረፋው እስከ አስፋልት ወጣ። አስቴር ቤቴልን ይዛ ቤት ቀረች፤ የመንታዎቹ እናት ቀረች፤ ሌላም ነርስ ቀረች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ራሳቸው ወረዳ ድረስ ሄደው ጮኹ። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ የእነዚህ ሠራተኞች ልጆች በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ ርቀት፣ በዚሁ በርሜል እየታጠቡ ይዋሉ የሚል። ተፈቀደ! ያው ሥራ! እትዬ ሶሬቲ ግን ያለ ፈቃድ በመጀመራቸው ተቀጡ፤ ከክፍል ወጥተው ሪከርድ ክፍል ገቡ። ሥራውን እንዲያስተባብር የተመደበው ደግሞ እኔ ነኝ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ያያችሁት የምስጋና ምስክር ወረቀት የዚያ ነው። ስትገቡ ስትወጡ “ጎበዝ” ብላችሁኛል። እኔም “ኧረ ምንም አይደለም” እያልኩ ትሑት ሆኛለሁ! ማክሰኞ አውርጄዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እትዬ ሶሬቲ ከክፍል ለምን ወጡ ስንባል ምን ነበር የምንለው? “ጉልበታቸውን አሟቸው፣ መቆም አቅቷቸው።” እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉን። ሪከርድ ክፍል የት ነው ያለው? ፎቅ ላይ ነው! ሃያ ስድስት ደረጃ! የአንደኛ ክፍል ምድር ቤት ነው። ጉልበቷን ያመማት ሴት አምስት ዓመት ሙሉ በቀን አራቴ ፎቅ ስትወጣና ስትወርድ እዚህ ካለነው ስድሳ ሰዎች አንዳችን “ቆይ እንጂ” አላልንም። እኔስ ምክንያቱን ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩት። እናንተ?

አሁን ማክሰኞ ምን እንዳየሁ ልናገር። የጡረታ ወረቀታቸውን ለማሟላት የግል ማህደራቸውን አወጣሁ። እንደምታውቁት ማህደር ውስጥ የሚገባ ወረቀት ሁሉ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው የሪከርድ ሠራተኛ ነው። አገላብጬ ገጽ አርባ አንድ ላይ ደረስኩ። የእኔ ደብዳቤ! ወረዳ ቀርቷል ብዬ የማስበው፣ ስሜና ፊርማዬ ያለበት ደብዳቤ! ከላይ በቀኝ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ “41” ተብሎ ተጽፏል። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ልንገራችሁ? አንደኛ ክፍል ያስተማሯችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ አራቷ የተገለበጠ ወንበር ነው የምትመስለው።

ደብዳቤው በ2013 የቅጣታቸው መዝገብ ከወረዳ ሲመጣ አብሮ ደርሷቸዋል። አንብበውታል። ቁጥር ሰጥተው በቦታው አስገብተውታል። ከጀርባው ደግሞ ያ የተቀደደው የስም ዝርዝር ተያይዟል። እያንዳንዱ ልጅ ለምን እንደመጣ ከስሙ ጎን ተጽፏል። የመጨረሻውን ላንብብላችሁ፣ በቃሌ ነው የያዝኩት። “ቤቴል ዳኜ ላምቤቦ። እናት ነርስ። አባት ቤት ለቤት ይዞራል። ቤት ውስጥ ሰው የለም።”

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዎች፣ እኚህ ሴት ከ2013 ጀምሮ ያውቃሉ! ጠዋት ጠዋት “ዳኜ፣ የት ደረስክ” ሲሉኝ ያውቃሉ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሆሳዕና ድረስ መጥተው ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀምጠዋል፤ ያኔም ያውቃሉ። እኔ የቅርብ ኃላፊያቸው ሆኜ “ሥራዎን ያሻሽሉ” ብዬ የአፈጻጸም ነጥብ ስሞላላቸው ያውቃሉ! ያንን ገጽ ማውጣት አይችሉም ነበር? ቁልፉ በእጃቸው ነው። ወይም ደግሞ ፊቴ ላይ መወርወር? ወይም ስብሰባ ላይ ማንበብ? ምንም። በየቀኑ ሰላም ብለውኛል።

ከማክሰኞ ወዲህ ስሸሻቸው ከረምኩ። ትናንት ደረጃው ላይ ይዘውኝ “አሞሃል እንዴ?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

እትዬ ሶሬቲ፣ አሁን ወደ እርስዎ ዞሬ ልናገር። ስለ ሠላሳ ሦስት ዓመት ማመስገን ነበር የተሰጠኝ ሥራ። ማንበብ ስላስተማሯቸው ልጆች፣ የጠፉትን ስለመለሷቸው፣ ለልጄ ጤና፣ ለትዳሬ፣ ለአስቴር ሥራ አመሰግንዎታለሁ። እርስዎ ባይኖሩ አስቴር ያኔ ሥራዋን ትታ ነበር፤ ስንት ሰው ደግሞ ያለ ነርስ ይቀር ነበር። ይህ ምስጋና ነው። በደሉ ደግሞ ይህ ነው፤ ክፍልዎን የወሰድኩብዎ እኔ ነኝ። አምስት የመጨረሻ ዓመታትዎን ከልጆች ነጥዬ ከወረቀት ጋር የዘጋሁዎት እኔ ነኝ። በስልክ ያደረግኩትን በማይክ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ቤቴል፣ ልጄ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። “ያን ጊዜ ማን ነው ያስባረረን?” ብለሽ ስትጠይቂኝ “አላውቅም” ብዬሻለሁ። አባትሽ ነው። ስምንት ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። አታልቅሺ። እሺ፣ አልቅሺ።

እትዬ፣ መልስ አልጠይቅዎትም። ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ሲጠየቁ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ያንን ደግሞ በላይዎ ላይ አልጭንም። ቤት ሄደው ያስቡበት። ወር ይፍጅ፣ ዓመት ይፍጅ፣ እምቢም ይበሉ፤ ይገባኛል።

ምን አሉ? ቆይ… ቆይ፣ ዝም በሉ፣ እየተናገሩ ነው። ማይኩን ላቅርብልዎ? አይፈልጉም። እሺ፣ ከኋላ ላላችሁ እኔ ልድገመው።

“ይቅርታህን ያን ጊዜውኑ ጨርሼልሃለሁ፣ ልጅ ያለው ሰው ሲፈራ አውቃለሁ” አሉ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ እትዬ።

“ገጹን ያላወጣሁት ግን ለአንተ ብዬ አይደለም” አሉ።

ታዲያ ለምንድን ነው?

“ዝርዝሩ ከደብዳቤህ ጋር በስፒል ተያይዟል። ደብዳቤህን ባወጣው ልጆቹም አብረው ይወጡ ነበር” አሉ። “በዚያን ጊዜ ተማሩ የሚል ሌላ ወረቀት የላቸውም። ኦፊሴላዊው መዝገብ ከተፈቀደ በኋላ ነው የሚጀምረው። ያንን ሁለት ሳምንት የት ነበራችሁ ቢባሉ እዚያ ናቸው፣ ገጽ አርባ አንድ ጀርባ ላይ።”



እኔ አምስት ቀን ሙሉ ስለ ራሴ ነበር የማስበው። ለእኔ ብለው የደበቁልኝ፣ ለእኔ ብለው የቻሉልኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ክሳቸውን በማህደራቸው ተሸክመው የኖሩት የልጆቹ ስም እንዳይጠፋ ነው።

“በል ጨርስ፣ ሰው ራበው” ይላሉ ደግሞ። እሺ እትዬ።

ሁላችሁም ተነሱ። የጠላም፣ የለስላሳም፣ የውሃም ብርጭቆ አንሱ፤ ጋሽ በንቲ፣ እርስዎም። እትዬ ሶሬቲ፣ ጉልበትዎ ይጽና፤ እውነተኛው ጉልበትዎ ማለቴ ነው። ደጅዎ ሰው አይጣ፤ ሀና ማርያም ያለው ግቢዎ በልጅ ልጅ ይሙላ። ደም ግፊትዎ ዝቅ፣ ክብርዎ ከፍ ይበል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ሰነድ ይታረም ዘንድ በስድሳ ምስክር ፊት እናገራለሁ፤ እኔ ስምንት ብዬ ጽፌያለሁ። ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠነኛዋ የእኔ ልጅ ናት።

ለእትዬ ሶሬቲ!